የሚስቴ ፌሎሺፕ

ጥሪውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ቢሮዬ ተቀምጬ የተማሪዎች ፈተና ሳርም በኢሜይል መጣ፤ በአፍሪካ ለሚሠሩ የባዮሜዲካል ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ፌሎሺፕ። ያሸነፈ ሰው የራሱን የምርምር ቡድን ያቋቁማል፤ ተማሪዎች ይቀጥራል፤ ዕቃ ይገዛል፤ በየዓመቱም ለጥቂት ወራት ውጭ አገር ካለ ትልቅ ላብራቶሪ እየሄደ ይሠራል። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብድግ አልሁ። እንዲህ ያለ ጥሪ ስጠብቅ ነው ጸጉሬ የሸበተው።

ከዚያ ወደ ታች ወርጄ ማን ማመልከት እንደሚችል አነበብሁ። ጥሪው ለጀማሪ ተመራማሪዎች ነው፤ ፒኤችዲውን ከያዘ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው አይችልም። እኔን ካለፈኝ ቆይቷል። ከሥሩ ግን አንድ ሌላ መስመር አለ፤ ከተመረቀች በኋላ የወለደች ሴት ለወለደችው ልጅ ተጨማሪ ጊዜ ይታሰብላታል ይላል። ያን መስመር ደጋግሜ አነበብሁት።

ባለቤቴም እንደኔ ተመራማሪ ናት። የተዋወቅነው ለማስተርሳችን ስንማር የአንድ ማይክሮስኮፕ ወረፋ እየጠበቅን ነው። ከተጋባን በኋላ ፒኤችዲውን ቀድሜ የጀመርሁት እኔ ነበርሁ፤ በዚያው ሰሞን ሴቷ ልጃችን ስለተወለደች እሷ ቤት ዋለች። እኔ ስጨርስ እሷ ጀመረች። ተመርቃ ጥቂት ዓመት እንደሠራች ደግሞ ወንዱ ልጃችን መጣ። ሰው ሲያወራ እኔን «ተመራማሪው» ይለኛል፤ እሷን «ሚስቱም እዚያው ናት» ይላታል። እኔ የምሠራው መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ላይ ነው። እሷ የያዘችው ቁንጭርን ነው፤ ያን የደጋውን ሰው አፍንጫና ጉንጭ እያቆሰለ፣ ሲድንም ጠባሳ ትቶ የሚሄደውን በሽታ። እውነቱን ለመናገር የሷ ሥራ ከኔው ያነሰ ይመስለኝ ነበር። ቁንጭር ሰው አይገድልም፤ የኔዎቹ ይገድላሉ።

ምሳ ላይ ጥሪውን አሳየኋት።

«እኔንም እኮ አምስት ዓመት አልፎኛል» አለች ገና ስታየው።

«ወደ ታች አንብቢ።»

አነበበች። ፊቷ ሲበራ አየሁ። ሽሮውን እስከ ጆሮው ተለቅልቆ ወደሚበላው ልጃችን ዞራ «አንተ ነህ ለካ ያዳንኸኝ!» አለችና ግንባሩን ሳመችው።

እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም። ልጁ የኔም ልጅ ነው። ሲታመም ይዤው ሮጫለሁ፤ አልተኛም ሲል አዝዬው ቤቱን ዞሬያለሁ። እንደ ቀልድ አድርጌ «ለአባትስ ተጨማሪ ጊዜ የለም?» አልሁ።

«አንተ ስትወልድ ስንት ወር ተኛህ?» አለችኝ። ወደ ሽሮዬ ተመለስሁ።

ማመልከቻውን ስትጽፍ ክረምት እየገባ ነበር። እንዳነብላት ሰጠችኝ። በዚህ ነገር ቤቱ ውስጥ አዋቂው እኔ ነበርሁ፤ ካመለከትሁባቸው ጥሪዎች የተመለሰልኝ «እናዝናለን» ብዙ ስለሆነ፣ ምን ምን ተብሎ እንደሚወደቅ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥሁ። ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ባረምሁላት፣ ባስረዳኋት፣ ደስ ባለኝም። ጥሩ ሆነና ተቸገርሁ። አንድ ቦታ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጨመርሁ፤ ሌላ ቦታ ላይ አንድ ቃል ለወጥሁ። ስመልስላት «ይኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው» አልኋት። «ይበቃዋል።»

ያን ቀን ነው ቅናት እንደ ሕመም ቦታ እንዳለው ያወቅሁት። የኔ ከደረቴ በታች፣ ከሆዴ በላይ ነው፤ ቃር መስሎኝ መድኃኒት ሁሉ ወስጄበታለሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። የሚጠይቋት ሰዎች በየአገራቸው ሆነው በኢንተርኔት ነው። የከተማችን የጎንደር ኢንተርኔት ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ቢመጣ አንድ ቀን ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ፒያሳ ካለ አንድ ሆቴል ትንሽ የስብሰባ ክፍል ተከራየን፤ ጄኔሬተር ስላለው ነው። በባጃጅ አብረን ሄድን። የሠርጋችን ሰሞን የገዛችውን ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። እየጸለየች ይሁን መልሶቿን እየደገመች አልጠየቅኋትም።

እሷ ገባች፤ እኔ ከበሩ ውጭ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ አዘዝሁ። የሚለያየን ስስ በር ስለሆነ ድምፅዋ ይሰማኛል። ጥሩ ነበር የምትናገረው፤ አትቸኩልም። እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ እቸኩላለሁ። ማኪያቶው መጥቶ አንድ ጊዜ ፉት እንዳልሁለት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልተነሣም።

በሩ ተከፈተና ወጣች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ምጥ ላይ እንኳ እንደዚያ አልነበረችም።

«ስልክህ ዳታ አለው?»

«ያለው ይመስለኛል።»

«ምን ይመስለኛል ትለኛለህ!» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝና ተመልሳ ገባች።

በሩን ስላልዘጋችው ከዚያ በኋላ ያለውን በዓይኔም አየሁት። በስልኬ ገብታ ስለነበር ከምስሏ ሥር የተጻፈው የኔ ስም ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ «ዶክተር» ብሎ የኔን ስም ጠራ።

«እሱ ባለቤቴ ነው፤ ስልኩን ተውሼው ነው» አለች በእንግሊዝኛ። ሁሉም ሳቁ። ስሜ ከዚያ ጉባኤ ፊት ለአንድ አፍታ ቆሞ አለፈ።

ቀጥሎ አንዲት ሴት ጠየቀቻት፤ ሰው የሚገድል ስንት በሽታ እያለ ሰው በማይገድል በሽታ ላይ ገንዘብ ማውጣት ለምን? እኔ ራሴ ሳስበው የኖርሁት ጥያቄ ነው። ባለቤቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። መልሷን እስካሁን አልረሳሁትም።

«ክሊኒካችን የምትመጣ አንዲት ልጅ አለች። ቁስሉ ድኖላታል፤ ጠባሳው ግን ግማሽ ፊቷን ይዞታል። ትምህርቷን ትታለች። ለልጆቻቸው የጠየቋት ቤተሰቦች አይተዋት ተመልሰዋል። ገበያ ስትወጣ እስከ ዓይኗ ተሸፍና ነው። በሽታው አልገደላትም፤ እንዳትኖር ግን አድርጓታል። እኔ የምፈልገው ቁስሉ ገና ትንሽ ሳለ የሚለይ ምርመራ በየጤና ጣቢያው እንዲኖር ነው።»

ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ ነበር። ጠያቂ ሆኜ ያን መልስ ብሰማ ገንዘቡን እኔም እሰጣት ነበር፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

ውጤቱ በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ መጣ፤ ያን ቀን እኔ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። «ቀናኝ!» አለችኝ። ሌላ ቃል መጨመር አልቻለችም፤ ታለቅስ ነበር። በአማርኛችን ነገሩ ለተሳካለት ሰው ቀናው እንላለን፤ በሰው ዕድል አንጀቱ ላረረም ቀና እንላለን። ያን ዕለት ቤታችን ሁለቱንም አስተናገደ። እሷን ቀናት፤ እኔ ቀናሁባት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን ፒያሳን ማቋረጥ መከራ ሆነብኝ። ባንክ ስገባ፣ ዳቦ ስገዛ፣ ጫማዬን ሳስጠርግ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ እጄን ይዞ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይለኛል። «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» እላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጀርባዬን መታ አድርጎ «እንግዲህ አንተ ቤት ቁጭ ብለህ መብላት ነው!» አለኝ። ሳቅሁለት። ፊቴ ላይ ያለው ሥጋ ከሳቅ ብዛት ዛለ።

አማቼ በከተማው ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ጠሩን። ጠላው ተቀድቶ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ተነሥተው መረቁ። ልጃቸውን «እግዚአብሔር ይባርክሽ» እያሉ ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ከሁሉ በላይ ግን የማመሰግነው አንተን ነው ልጄ። ሌላ ወንድ ቢሆን እንዲህ አይፈቅድላትም ነበር። ፈቅደህ አስተማርሃት፤ ፈቅደህ ለዚህ አበቃሃት።»

«የኔታ፣ እኔ ምን አደረግሁ» አልሁ። ትሕትና መሰላቸውና ይበልጥ ወደዱኝ። ባለቤቴን በጎን አየኋት። ዓይኗን ብርጭቆዋ ላይ ተክላ ነበር። በኋላ ስንሄድ መንገድ ላይ «ፈቅደህ» አለች ለራሷ፣ ቀስ ብላ።

ከሁሉም የባሰችው እናቴ ናት። እናቴ ከጠዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር ገበሬ ናት፤ እኔን ለማስተማር በሬ ሸጣለች። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ቤታችን ገባች። ነገሩን ነገርናት። ምራቷን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት። «ሸጋ! ሸጋ ነው! አገርሽ ይኩራብሽ!» አለቻት። ከዚያ ሁሉም ሰው በተቀመጠበት እኔን ትኩር ብላ አየችኝ።

«ምነው፣ አንተንስ ምን አሉህ?»

«እኔ አላመለከትሁም እምዬ። ጊዜዬ አልፏል።»

«ምነው ያልፋል? ገና ልጅ አይደለህ?»

ባለቤቴ ልታስረዳት ጀመረች፤ ስለ አምስቱ ዓመት፣ ስለ ልጅ መውለዱ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «ይኸማ ሸጋ ሕግ ነው» አለች። «የወለደች ትቅደም።» ከዚያ ጉልበቴን ዳበስ ዳበስ አደረገችኝ፤ ልጅ ሆኜ በእንጨት ፈረስ ሩጫ ስሸነፍ እንደምታደርገኝ። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ዝናቡ እንዳቆመ የሷ ሥራ ተጀመረ። ወደ ሰሜን፣ ከደባርቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ሕመምተኞችን ማየት ነበረባት። መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ በሆነበት ጊዜ ብቻዋን እንድትሄድ አልፈለግሁም። እሷም እጅ ያስፈልጋት ስለነበር «ናሙና ትይዝልኛለህ» አለችኝ። እውነት ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የሰጧት ነገር ምን እንደሚመስል በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሕመምተኞቹ ከግቢው አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቁ ነበር። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡት ከብርዱ ብቻ እንዳልነበረ ገብቶኛል። አንድ ሽማግሌ ከዛሪማ በኩል ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥተው ነው የመጡት፤ ልጃቸው ጋ ሰንብተው ሲመለሱ ነው። አፍንጫቸው ጫፉ ላይ ቀልቷል፣ አብጧል።

«አያ፣ መቼ ጀመረዎ?» አለቻቸው ባለቤቴ ጎንበስ ብላ።

«አምና ነው የኔ ልጅ። የሌት ወፍ ነክታኝ ነው ይላሉ። ጠበልም ተጠመቅሁ፤ ቅጠልም አሰርሁ።»

«ጠበሉን አይተዉ። እኔም ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ልውሰድ፤ ትንሽ ያምዎታል።»

አፍንጫቸውን ይዛ ከጠርዙ ቧጠጥ ቧጠጥ አደረገች። እሳቸውም አልተነቃነቁም። እኔ ናሙናው የተቀባበትን ስስ መስታወት፣ ስላይዱን፣ እቀበላለሁ፤ ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ ሣጥን ውስጥ እከታለሁ። እሷ ስትጨርስ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠርገው አዩኝ።

«አንተስ ምነው ዝም አልህ? ሾፌሩ ነህ?»

ነርሶቹ ሳቁ። «ኧረ ባለቤቷ ናቸው» አለ አንዱ።

«አሃ» አሉ ሽማግሌው። «እሷ ሐኪም፣ አንተ ባል። ደግ ነው።»

የመጨረሻው ሰው እስኪሄድ ስላይድ ላይ ቁጥር ስጽፍ ቆየሁ። ዕቃ ስንሰበስብ ሣጥኑን ሳያስፈልግ ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። እሷ ጓንቷን አውልቃ ከፊቴ ቆመች።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ከግንቦት ጀምሮ ምንም ነህ።»

አጥሩ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ውሸት ደከመኝ መሰለኝ። «ቀንቻለሁ» አልኋት። «ቀንቼብሻለሁ። ሌላ ነገር አይደለም።»

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠችና ጋቢዋን እስከ አንገቷ ሳበች።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ቅናት ምን እንደሚያደርግ እኔ ነኝ የማውቀው። ፒኤችዲህን ስትሠራ፣ እኔ ልጅቷን አዝዬ በር ስከፍትልህ፣ ገብተህ የዋልህበትን ታወራልኝ ነበር። ዛሬ ይኸ አደገ፣ ዛሬ ያኛው ሞተ እያልህ። በምታወራው ሁሉ እቀና ነበር። እጅህ ላይ በቀረው የጓንት ሽታ እንኳ እቀና ነበር።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም።»

«ፊቴ ይነግርህ ነበር። አንተ ግን ስታየኝ ደክሞሻል፣ ትንሽ ተኚ ትለኛለህ።»

እውነቷን ነበር። ያን ቃል ብዙ ጊዜ ብያለሁ። በኔ ቤት አዛኝ ባል መሆኔ ነበር።

«ታዲያ እንዴት ተውሽው?» አልኋት።

«ማን ተውሁት አለህ?» አለችና ተነሣች። «ና፣ መኪናው እየጠበቀን ነው።»

ይህን ስሰማ ቀለል ይለኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። አልቀለለኝም። እስከ ጎንደር ድረስ በመስኮት እያየሁ ያሰብሁት፣ ቅናቱን እንኳ ከኔ አሳምራ እንደያዘችው ነው። እሷ ቀንታ ልጅ አሳድጋለች፤ ወጥ ሠርታለች፤ ሳይነጋ ተነሥታ ለመግቢያ ፈተናዋ አጥንታለች። እኔ ቀንቼ የሠራሁት ነገር ቢኖር ሣጥን ድርግም አድርጌ መዝጋት ነው።

በጋው ሲጋመስ ለሥልጠናው ወደ ውጭ ሄደች። ልጆቹ ከኔ ጋር ቀሩ። ሴቷን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ ትንሹን አማቼ ቤት ትቼው ሥራ እገባለሁ። የጸጉር አሠራር ስለማላውቅ ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት ሻሽ አስራ ሄደች። አንድ ቀን ከሰዓት ባለቤቴ በቪዲዮ ደወለችና ያለችበትን ላብራቶሪ አዙራ አሳየችኝ። ከቁመቴ የሚበልጥ የናሙና ማቀዝቀዣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድሯል። በሩን ከፈት ስታደርገው ነጭ ጉም ወጣ።

«መብራት ጠፍቶባቸው ያውቃል?» አልኋት።

«ጠይቄያቸዋለሁ። ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም።»

እኔ በዚያው ሳምንት መብራት ጠፍቶብኝ የብዙ ወር ናሙና ቀልጦብኛል። አልነገርኋትም። «ዝጊው በይ፣ ሙቀት እየገባበት ነው» አልሁና ልጆቹን አገናኘኋት። ዕቃ ላይ መቅናት ሰው ላይ ከመቅናት እንደሚቀል ያን ቀን ተረዳሁ። ማቀዝቀዣውን በሙሉ ልቤ፣ ያለ አንዳች ኀፍረት ተመኘሁት።

ስትመለስ ስለ ቀለጠው ናሙና ነገርኋት። «ለምን ያኔ አልነገርኸኝም?» አለችኝ። «ደክሞሽ ነበር» አልኋት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ከሷ ዕቃ መግዣ ለኔም ናሙና የሚሆን ቦታ ያለው ማቀዝቀዣ ለማዘዝ ሐሳብ አቀረበች። እሺ ለማለት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። እሺ ካልሁ በኋላም ትልቁ መደርደሪያ የማን ይሁን በሚለው ተጣልተናል።

እኔም ማመልከቴን አልተውሁም። የዓመት ገደብ የሌለባቸውን ጥሪዎች እፈልጋለሁ፤ ይልኩልኛል «እናዝናለን»። አሁን ግን ከመላኬ በፊት የምታነበው እሷ ናት። አትራራልኝም። ገጹን በሙሉ ታቀላዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን አማቼ ቤት ትተን ፒያሳ ቡና ልንጠጣ ወጣን። ገና ወንበር እንደሳብን የሁለታችንም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። የትምህርት ክፍላችን የመልእክት ቡድን ነው። ሁለታችንም ያስተማርነው፣ አሁን ውጭ አገር ያለ ልጅ ፌሎሺፕ አግኝቷል፤ ባለቤቴ ካገኘችው የሚበልጥ፣ ስሙ ብቻ የሚያስደነግጥ። ፎቶው ላይ ነጭ ጋውን ለብሶ ፈገግ ብሏል። ከኋላው ማቀዝቀዣ ይታያል።

ባለቤቴ ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው።

«ይኸ ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ «ፓራሳይቶሎጂ ሁለተኛ ፈተና አልወደቀም ነበር?»

«በኔም ትምህርት ከመጨረሻው ረድፍ አይነሣም ነበር» አልሁ።

«ስላይድ ማቅለም እኔ ነኝ እጁን ይዤ ያሳየሁት።»

«ማመልከቻውን ማን እንደጻፈለት እንጃ።»

«ኧረ ተው፣ ነውር ነው» አለች፤ ዓይኗ ግን ከፎቶው አልተነሣም። «ስንት ዓመቱ ነው ግን?»

«ሠላሳ አይሞላም።»

«ሠላሳ አይሞላም!» ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

አስተናጋጇ መጥታ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀችን። ባለቤቴ ማኪያቶ አለች፣ ኬክም አለች፤ ኬክ ስታዝ አይቻት አላውቅም። እኔም ያው አልሁ። ከዚያ ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ ስለዚያ ልጅ ሌላ የምታውቀውን ሁሉ ትነግረኝ ጀመር፤ እኔም የማውቀውን እጨምርላት ነበር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከዚያ አልተነሣንም።